ኪኒኑን መዋጥ ብቻ አይበቃም፦ ከሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር 11 ዓመት

የሚጥል በሽታ መድኃኒት መውሰድ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ክፉኛ የተጎዳሁት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ በበሽታው ብቻ ላሳብብ አልችልም፤ አንደኛውን መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዴ በማቆሜ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለሌላ ሕመም የታዘዘልኝን መድኃኒት ሳልናገር በላዩ ላይ በመደረቤ ያመጣሁት ነው። ይህን የምጽፈው መድኃኒቱን በቅርቡ ለጀመሩና በቤታቸው የሚወስድ ሰው ላላቸው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የማካፍለው የደረሰብኝንና ከደረሰብኝ በኋላ እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ነው። የእያንዳንዱ ሰው መድኃኒትና መጠን የተለያየ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ቁጥሮች ወስዶ በራሱ ላይ የሚሞክር እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

በሽታው የጀመረኝ በ23 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ የመጣ ስለነበር፣ ጠዋት የተነከሰ ምላስና የዛለ ሰውነት ይዤ ከመንቃቴ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። ለሁለተኛ ጊዜ ግን በቀን፣ እህቴ ባለችበት ጣለኝ። ምርመራው ካለቀ በኋላ ካርባማዜፒን በቀን ሁለት ጊዜ 200 ሚሊግራም ታዘዘልኝ። ሐኪሜ ማዘዣውን ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር አስረዱኝ፤ ያን ጊዜ ግማሽ ጆሮዬን ነበር የሰጠኋቸው፣ ዛሬ ግን ስለ መድኃኒቱ የማውቀው ሁሉ በዚያ ላይ የተሠራ ነው።

«ደምሽን ከታች እንደሚያንጠባጥብ እንስራ አስቢው» አሉኝ። «ከላይ የምትጨምሪው ኪኒን ነው፤ ከታች የሚያንጠባጥበው ደግሞ ጉበትሽ መድኃኒቱን እየፈጨ ሲያስወግድ ነው። ውኃው ከታችኛው ምልክት ከወረደ በሽታው ይነሳብሻል፤ ከላይኛው ምልክት ካለፈ መድኃኒቱ ራሱ ይመርዝሻል። የእኔና የአንቺ ሥራ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ማቆየት ነው።»

የካርባማዜፒን አስቸጋሪ ጠባይ ደግሞ ቀዳዳውን ራሱ ማስፋቱ ነው። መድኃኒቱ ጉበት እሱን የሚፈጭበትን አቅም ስለሚያነቃቃ፣ መጠኑ ሳይቀየር በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው ክምችት እየቀነሰ ይሄዳል። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ቆሜ የማንቀላፋ ነበርኩ፤ በአራተኛው ሳምንት ድካሙ ሲለቀኝ «ሰውነቴ ለመደው» ብዬ ደስ አለኝ፣ በአምስተኛው ሳምንት ግን ጣለኝ። ጠዋት ኪኒኑን ከመዋጤ በፊት ደም ተወስዶ ሲለካ ክምችቱ ከሚፈለገው በታች ሆኖ ተገኘ፤ መጠኑም ከፍ ተደረገልኝ። ደሙ ከኪኒኑ በፊት የሚወሰደው በቀኑ ውስጥ ዝቅተኛው ክምችት የሚገኘው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ለምርመራ ሲሄድ ኪኒኑን ውጦ እየደረሰ ውጤቱን ያዛባዋል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝላችሁ ኪኒኑን ቀድማችሁ ትወስዱ ወይም ይዛችሁ ትሄዱ እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልነካኝም። አደጋውም የመጣው ከዚሁ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ኪኒን መዋጡ ትርጉም የሌለው መስሎ ታየኝ፤ ድኛለሁ ብዬ ደመደምኩ። ለማንም ሳልናገር ለአንድ ሳምንት ግማሽ አደረግሁት፤ በሁለተኛው ሳምንት ጨርሼ ተውኩት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለሁ ጣለኝና የፊት ጥርሴ በመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተሰበረ። ሐኪሜ አልተቆጡኝም፤ ከቁጣ የባሰ ነገር ነው የነገሩኝ። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ያዳፈነውን በሽታ ከመቀስቀሱም በላይ፣ መንቀጥቀጡ ሳይቆም ተከታትሎ የሚሄድበትንና ሕይወት የሚያሳጣውን ሁኔታ ሊያመጣ እንደሚችል አስረዱኝ። ጥርሴን ብቻ ከፍዬ መቅረቴ ዕድል ነበር።

መድኃኒት ማቆም ፈጽሞ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ዓመት ያልተነሳበት ሰው ከሐኪሙ ጋር መክሮ፣ እንደ በሽታው ዓይነትና እንደ ምርመራው ውጤት፣ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊቀንስ የሚችልበት መንገድ አለ። የእኔ ስህተት ማሰቤ ላይ ሳይሆን ብቻዬን መወሰኔ ላይ ነው። በተለይ እንደ ፌኖባርቢታል ያለ መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ በጣም ስለሚለምደው፣ ቅነሳው ከሌሎቹም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዳግም ስጀምር እህቴ 14 ክፍል ያለው የኪኒን ሳጥን ገዛችልኝ፤ ለሰባቱ ቀን ጠዋትና ማታ ማለት ነው። ስታመጣልኝ የሽማግሌ ዕቃ ነው ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን «ወስጄዋለሁ ወይስ አልወሰድኩም?» ለሚለው ጥያቄ የማስታወስ ችሎታዬ ታማኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በየቀኑ የሚደገም ነገር ትናንትና ዛሬ ይምታታል። ሳጥኑ ግን ባዶ ነው ወይም ሙሉ ነው። የረሳሁትን ኪኒን እንዳስታወስኩ እወስደዋለሁ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ግን ያለፈውን ትቼ በመደበኛው እቀጥላለሁ እንጂ ለማካካስ ብዬ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አልውጥም። ይህ ለእኔ የተሰጠኝ መመሪያ ነው፤ የእናንተን ሳይረሳችሁ በፊት ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ። ኪኒኑን የማስሞላውም 10 ቀን ሲቀረው ነው፤ መድኃኒት ቤቱ «ከሁለት ቀን በኋላ ይገባል» ቢለኝ የምጠብቅበት ጊዜ እንዲኖረኝ ብዬ ነው።

ሳጥኑን ግን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ጥርሴን ስቦርሽ እንዳየው ብዬ በመታጠቢያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ነበር። አንድ ቀን መድኃኒት ልወስድ በሄድኩበት፣ የመድኃኒት ባለሙያዋ «የት ነው የምታስቀምጪው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የካርባማዜፒን ኪኒን እርጥበት ሲያገኘው እየጠነከረ በሆድ ውስጥ በሚገባ አይሟሟም፤ ሰው ሳያቋርጥ እየወሰደ እንዳልወሰደ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሻወር እንፋሎት ከእንስራው ላይ ሊጨልፍ እንደሚችል በምን አውቄ! ሳጥኑን ወደ መኝታ ክፍል ወሰድኩት፤ የምሞላውም የሰባት ቀኑን ብቻ ነው፣ የቀረው በራሱ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥፋቴ ልምጣ። በአራተኛው ዓመት ደረቴን ታምሜ ከዚያ በፊት ሄጄበት ወደማላውቅ ክሊኒክ ገባሁ። ያከመኝ ሰው የሚጠየቀውን ጠየቀኝ፤ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ በሽታዬን በሰው ፊት መጥራት አፈርኩና «የለም» አልኩ። ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። በሦስተኛው ቀን የማነበው መስመር ለሁለት ይከፈል ጀመር፤ ደረጃ ስወርድ እግሬ የት እንደሚያርፍ አላውቅም፤ ሆዴ ይገለበጣል። ሁሉንም በደረቴ ሕመም አሳበብኩ። ማታ ላይ ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጠረጴዛው ስቀርብ ብርጭቆው ሁለት ሆኖ ታየኝ። ከሁለቱ አንዱን መርጬ ቀዳሁ፤ የመረጥኩት የሌለውን ኖሮ ውኃው በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እህቴ ዓይኔን አየችና «ዓይንሽ ይንቀጠቀጣል» አለች፤ ወዲያው ስልክ አንስታ የምወስዳቸውን ሁለቱንም መድኃኒቶች ስም ለመድኃኒት ባለሙያዋ አነበበችላቸው። ባለሙያዋም ሌላ ኪኒን ሳልጨምር በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም እንድሄድ አዘዙ።

ክላሪትሮማይሲን ጉበት ካርባማዜፒንን የሚፈጭበትን መንገድ ይዘጋል። እንስራው የሚያንጠባጥብበት ቀዳዳ ተደፍኖ እኔ ግን ከላይ እንደ ወትሮው እጨምር ነበር። በአብዛኛው የሚፈለገው ክምችት በሊትር ከ4 እስከ 12 ሚሊግራም ሲሆን የእኔ 17 ደርሶ ነበር። አንቲባዮቲኩ ተቀየረልኝ፣ የካርባማዜፒኑም መጠን ሐኪም በሚያየው መንገድ ለጊዜው ተስተካከለ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ብርጭቆው አንድ ሆነ። እዚህ ላይ የምወቅሰው ማንንም አይደለም፤ ተጠይቄ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስሜን ከበሽታው ጋር ላለማስጠራት ስል የከፈልኩት ዋጋ በጣም እንደበዛ ግን ዛሬም ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በደንብ ጠይቄ ተረዳሁ። ሁሉም አንቲባዮቲክ እንዲህ አያደርግም፤ ኤሪትሮማይሲን ግን ልክ እንደ ክላሪትሮማይሲን ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ኢሶኒያዚድ የካርባማዜፒንን ክምችት ከፍ ሲያደርግ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ዝቅ ያደርገዋል። ቫልፕሮኤት የተባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሜሮፔኔም የተባለ የመርፌ አንቲባዮቲክ ቢሰጠው፣ የቫልፕሮኤቱ ክምችት በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቅጥ ይወርዳል። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ ጭማቂ እንኳ ካርባማዜፒንን ከፍ ያደርጋል። ሌሎች ደግሞ እንስራው ውስጥ ያለውን ውኃ ሳይነኩ የታችኛውን ምልክት ወደ ላይ የሚገፉ አሉ፤ እንደ ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻና እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ አንቲባዮቲክ አንጎልን ለመንቀጥቀጥ የበለጠ ያጋልጡታል። እንቅልፍ ማጣትና አልኮል መጠጥም እንዲሁ ናቸው፤ እኔን ከሁሉም የሚጎዳኝ እንቅልፍ ማጣት ነው። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው በቦርሳ ውስጥ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የሚወሰድበትን ሰዓት የያዘ ካርድ ነው። በሰው ፊት መናገር ለሚከብደን ሰዎች ካርዱን ዝም ብሎ ማቀበል ይቻላል። እኔ እስካሁን የማደርገው ይህንኑ ነው።

መጠንን በራስ ፈቃድ ስለ መጨመርም አንድ ነገር ልበል። ፌኒቶይን የሚወስዱ ሰዎች በተለይ ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው፤ ጉበት ይህን መድኃኒት የሚፈጭበት አቅም ከተወሰነ ደረጃ በላይ ስለሚሞላ፣ ትንሽ የመሰለች ጭማሪ ክምችቱን በብዙ ልታሳድገው ትችላለች። «ግማሽ ብጨምር ምን ይሆናል?» የሚባልለት መድኃኒት አይደለም። ቀስ ብለው እንዲለቀቁ ሆነው የተሠሩ ኪኒኖችም አይፈጩም፣ አይታኘኩም። የኪኒኑ መልክ ወይም አምራቹ ተቀይሮ ከተሰጣችሁ ደግሞ እዚያው መስኮቱ ላይ ሳላችሁ ጠይቁ።

በስምንተኛው ዓመት ልጅ ለመውለድ አሰብኩ። ሴት አንባቢዎች ይህን ክፍል ረጋ ብለው ቢያነቡት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ለዓመታት ማንም ሳይነግረኝ የቆየ ነገር ነበር። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል በእንክብል የሚወሰደውን የወሊድ መከላከያ ያዳክማሉ፤ እየወሰዱት ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ቫልፕሮኤት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ከሁሉም የከፋ ነው፦ በማህፀን ሳሉ ከደረሳቸው 100 ልጆች 10 ያህሉ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በኋላ የአእምሮ እድገት ችግር ያጋጥማቸዋል። ይህ ማለት ግን ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ማርገዟን ስታውቅ ደንግጣ በዚያው ቀን ታቁመው ማለት አይደለም፤ ድንገት ማቆም ለእናትም ለጽንስም አደገኛ ነውና በፍጥነት ሐኪሟን ታግኝ። ዋናው ነገር ምክክሩ ከእርግዝናው ወራት ቀድሞ መጀመሩ ነው።

ሐኪሜ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ካዘዙልኝ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ላሞትሪጂን ሊያሻግሩኝ ወሰኑ። ላሞትሪጂን ትዕግሥት የሚጠይቅ መድኃኒት ነው። በትንሽ መጠን ተጀምሮ በየሳምንታቱ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል፤ ቶሎ ከተቸኮለ ቆዳን የሚልጥና ለሞት የሚያደርስ ሽፍታ ሊያመጣ ስለሚችል ነው። ለጥቂት ቀናት የተቋረጠ እንደሆነም፣ በተለይ ከ5 ቀን በላይ ከሆነ፣ ሐኪም ሳያማክሩ በነበረው መጠን መቀጠል አይገባም፤ ብዙውን ጊዜ እንደገና ከታች መጀመር ያስፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት ክንዴ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁና በዚያው ቀን ሄድኩ። ትኩሳት፣ የአፍ ውስጥ ቁስል ወይም የዓይን መቅላት እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ አልነበረኝም። የነፍሳት ንክሻ ሆኖ ተገኘ። በነፍሳት ንክሻ ሐኪም ቤት መሄዴ አላሳፈረኝም፤ አደገኛው ሽፍታ በአብዛኛው የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ የሚታይ ማንኛውም ሽፍታ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ከላሞትሪጂን በፊት ለአጭር ጊዜ ሌቬቲራሴታም ተሞክሮልኝ ነበር። በሽታውን በሚገባ ያዘው፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። በማይረባ ነገር እጮኻለሁ፣ አለቅሳለሁ። ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ ጎን ስለሆነ ተቀየረልኝ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. በሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሁሉ ላይ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያመጡ ይችላሉ የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ለውጡን ሕመምተኛው ራሱ ላያየው ስለሚችል ቤተሰብ ማወቅ አለበት። በእኔ ቤት ቀድማ ያየችው እህቴ ናት።

ቤተሰብ ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ስወድቅ ሰዓት እንዲያዩ፣ በጎኔ እንዲያስተኙኝ፣ ጭንቅላቴ ሥር ለስላሳ ነገር እንዲያደርጉ፣ በአፌ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት እንዳያስገቡ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልነቃ ኪኒንም ውኃም እንዳይሰጡኝ አስተምሬያለሁ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳልነቃ ከደገመኝ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መውሰድ ነው።

በእርግዝናዬ ጊዜ እንስራው ዳግመኛ ሌላ መልክ ያዘ። የእርግዝና ሆርሞን ላሞትሪጂንን ከሰውነት የሚያስወግደውን ኃይል በጣም ያበረታዋል፤ ስለዚህ በየወሩ ደሜ እየተለካ መጠኑ ከ200 ሚሊግራም ተነስቶ እስከ 350 ወጣ። ሐኪሜ ግን ገና በሰባተኛው ወር የሚያሳስባቸው የመውጣቱ ሳይሆን የመውረዱ ነገር ነበር። ከወሊድ በኋላ ቀዳዳው በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው ስለሚጠብ፣ መጠኑ ካልተቀነሰ ክምችቱ ሽቅብ ይወጣል። የሚቀነስበትን ቀንና ልክ በሦስት ደረጃ ጽፈው፣ አንዱን ቅጂ ለእኔ፣ አንዱን ለእህቴ ሰጡን፤ አራስ ሰው በእንቅልፍ እጦት መካከል ቁጥር እንዲያስታውስ አይጠበቅም አሉ። ለሌሊቱም ተራ አወጣን፤ እህቴና ባለቤቴ እየተቀያየሩ ልጁን ሲይዙልኝ እኔ ቢያንስ አምስት ሰዓት ሳልቆራረጥ እተኛ ነበር። ልጁን የማጥበው አልጋ መሃል ተቀምጬ፣ የምለውጠው ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ብወድቅ ከቁመት እንዳልጥለው።

ከወለድኩ በ10ኛው ቀን ማታ ልጁን አጥብቼ ውኃ ልጠጣ ስዘረጋ ብርጭቆው ሁለት ሆነ። በዚህ ጊዜ አልቀዳሁም። እህቴን ጠራኋትና ወረቀቱን አመጣች፤ ሁለተኛው ቅነሳ ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር። በዚያው ሌሊት ደወልን፤ ጠዋት ኪኒኑን ሳልውጥ ደም ሰጠሁ፤ ቅነሳውም ከሰዓት በኋላ እንዲጀምር ተደረገ። በካርዴ ላይ የነበረውን ቁጥር እህቴ ሰርዛ አዲሱን ጻፈችበት።